«አለ» ያልኩልዎ እሑዶች

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ገመዳ ገርባ፣
አሰብ ወደብ።

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ወገብዎን ሲይዝዎ የነበረው ሕመም ለቀቀዎ ወይ? ባለቤትዎ አሳየችስ እንዴት ናት፣ የባሕሩን ወበቅ ቻለችው? ጫላ አምስተኛ ክፍል ገባ? የኢፍቱ የፊት ጥርሶች በቀሉላት? በአባባ ቋንቋም አካም ጂርቱ ብያለሁ፤ በአማርኛው ብቻ ሰላም ብዬ ባልፍ አጥንታቸው ይወቅሰኛል። እኛ ደግሞ፣ እኔም እማዬም፣ ለክፉ አልተሰጠንም። «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ናፍቆቱስ አለ፤ ንዴቱ ግን በልጦብኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ሲያነቡት ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። እዚህ ናዝሬት አድሮ ወደ አሰብ የሚወርድ የተሳቢ ሹፌር በእጁ ይዞልዎ ይመጣል፤ ያው ባለፈው ወር ቃሌን ያደረሰልዎ ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ቀጥሎ ለአሳየች ያንብቡላት፤ ከእርስዎ ይልቅ እሷ ቶሎ እንደሚገባት አውቃለሁ።

ቴሌግራምዎ ደርሷል። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ መካከል ቆሞ ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበው። «ምርጫውን በደስታ ተቀብያለሁ። እስክመለስ ሰንበታ ይወክለኛል። ገመዳ።» ሰባት ቃል ናት፤ ቆጥሬያታለሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው ጋሼ? በስድስት ዓመት ለሁለት ፋሲካ ብቻ ብቅ ያሉበት ቀበሌ ለፍርድ ሸንጎ ዳኛነት መረጠዎ ሲባሉ፣ «እንዴት ሆኖ?» ብለው አልጠየቁም? የተመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የተጻፈው ስም ግን የእርስዎ ነው፤ «እኔ እዚያ የለሁም፣ እህቴ ናት» ብለው ይመልሱላቸው ብዬ በሹፌሩ ልኬልዎ ነበር። ሹፌሩን ምን አሉ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሰምተው ሳቁ» አለኝ። ምኑ እንዳሳቀዎ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የሚያውቁትንም ቢሆን ከሥሩ ልንገርዎ፤ የረሱት ይመስለኛልና። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀበሌው ቤቶችን ሲመዘግብ አባባ በሞቱ በዓመታቸው ነበር። እርስዎ የቤቱ ታላቅ ልጅ ነዎትና የቤት ቁጥር 417 በስምዎ ተጻፈ። ተገቢ ነው፣ እኔም አልተቃወምኩም። ግን ጥቂት ወር ሳይቆይ የወደብ ሥራ አግኝተው ሲነሱ፣ መናኸሪያው ድረስ ሸኝቼዎ፣ በስም መጥሪያው ላይ እኔን ያስገቡኝ ብዬ ለመንኩዎ። «ምን ቸገረሽ? ስሜ ሲጠራ አለ በይ» ብለውኝ አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

እኔም አልኩ። በየእሑዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በዚያ አዳራሽ ባደረጉት አሮጌ የእህል መጋዘን፣ የቀበሌው ጸሐፊ መሐመድዘይን መዝገቡን ገልጦ «ገመዳ ገርባ!» ሲል፣ «አለ!» እላለሁ። መጀመሪያ ወንዶቹ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ሁሉም ለመደው። ቤቱ ከቀረ የወሩ ስኳርና ሳሙና ይቀራል። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳሩን የምናገኘው በካርድ ነው፣ ያውቁታል። ወባ ይዞኝ በጋቢ ተጠቅልዬ እየተንቀጠቀጥኩ ሄጄ «አለ» ብያለሁ። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ ሾርባዋን ለነርሷ አደራ ሰጥቼ እየሮጥኩ ደርሼ «አለ» ብያለሁ። ቅዳሴ የሰማሁበትን እሑድ በጣቴ እቆጥረዋለሁ። ሦስት መቶ የማያንስ እሑድ ነው ጋሼ።

ለምን እኔን እንደፈለጉኝም ይወቁ። እርስዎ እኔን የሚያስቡኝ እማዬ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራኝ ነው። ዛሬ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። የሰፈሩ ቦኖ በእጄ ከገባ አምስት ዓመት ሆኖታል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል፤ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ እንስራው ከንጋት ጀምሮ ይደረደራል። አንዳንዱ ወረፋውን በድንጋይ ያስይዝና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋይ ከቦታው ሲነሳ፣ ጀሪካን ሲገለበጥ፣ ሴቶቹ ፀጉር ለፀጉር ሲያያዙ፣ ገላጋይዋም ፈራጇም እኔ ነኝ። የትኛዋ ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛዋ ቤት በሽተኛ እንደተኛ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ዘርፉ አደላች ያለ ሰው የለም። የፍርድ ሸንጎው አዲስ ዳኛ ይመረጥለታል ሲባል፣ ከጎናችን ያለችው ሻሼ ባልዲዋን አስቀምጣ «ቦኖ ላይ የምትፈርጂውን እዚያ ሄደሽ ፍረጂልን» አለችኝ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሁሉ ደገፏት። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ሰው ለአንድ ትልቅ ነገር ፈልጎኝ ሲጠራኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አስመራጭ ኮሚቴው ያወጣው ደንብ ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ ተነበበልን፤ ኋላም በኅብረት ሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። አዳራሹ ሰው ስለማይችል ከአንድ የቤት ቁጥር አንድ ሰው ብቻ ይመርጣል ይላል። የሚመረጠውም ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ ሆኖ በስም መጥሪያ መዝገቡ የተረጋገጠለት ይሁን ይላል። ተመራጮች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፣ መራጩ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ ተመራጩ ማን እንደመረጠውና ማን እንዳልመረጠው አይቶ ቂም እንዳይዝ ነው አሉ። እኔ ደንቡ ሲነበብ ልቤ ሞቀ። ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ ከተባለ ከኔ ሌላ ማን አለ ብዬ! ሞኝነቴን አዩልኝ?

ምርጫው ኅዳር 13 ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ሆነ። ሻሼ ተነስታ «የቦኖዋ ዘርፉ» ብላ ጠቆመችኝ። መሐመድዘይን መዝገቡን ገለጠ፣ አገላበጠ፣ ከዚያ «ዘርፉ ገርባ የምትባል ስብሰባ ተገኝታ አታውቅም» አለ። ሰዉ አውካካ። ያን ሁሉ እሑድ እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በመዝገቡ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ አልነበርኩም! የቤት ቁጥሬን ጠየቀኝና ነገርኩት። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ሄዶ ፊቱ በራ። «ገመዳ ገርባ፤ በስድስት ዓመት አንድም ቀን አልቀረም፤ በቀበሌያችን እንዲህ ያለ በጣት ይቆጠራል» አለ። ሊቀመንበሩም በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነዎ። ለነዋሪው ምሳሌ ነዎት ተባሉ ጋሼ።

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ፣ «አለ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፤ መሐመድዘይን ራሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የጻፈው» አልኩ። ሊቀመንበሩ የተጠቆመው የቤት ቁጥር 417 ነው፣ ቤቱን ወክለሽ ግድግዳው ጋ ቁሚ አለኝ። ዕድሜው አሥራ ስምንት የሞላው ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል፣ ይመረጣል ተብሎ በአዋጅ አልተነገረም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አዋጁ አዋጅ ነው፣ ይህ ደግሞ የአሠራር ደንብ ነው ብሎ መለሰልኝ። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ትንሽ እፍረት እንኳ አላየሁበትም።

ቆምኩ። ከሦስት ወንዶች ጎን አፍንጫዬን ለግድግዳው አስጠግቼ ቆምኩ። መጋዘኑ ስንት ዓመት እህል ስላደረበት ግድግዳው ዛሬም ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ከኋላዬ የእግር ኮቴ እሰማለሁ፤ ወደኔ ይምጣ ወደ ሌላው ይሂድ አላውቅም። ዞር ብሎ ማየት ደንቡ ይከለክላል። አንዲት አሮጊት ስታስል ሰማሁና በሳሏ አወቅኳት፤ ቦኖ ላይ ሁልጊዜ የማስቀድማት ናት። ዙሩ ስንባል ዞርኩ። የኔ ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቶ ዋርካው ሥር ደርሷል። ሻሼ ከፊት ናት። የወንጂ ጡረተኞች፣ ወረፋ ሰርቀው ባልዲያቸውን የወረወርኩባቸው ወንዶች ሳይቀሩ ከኔ ኋላ ናቸው። መቶ አሥራ ሁለት ሰው። እንባዬ መጣ። እንባዬን ሳልጠርግ መሐመድዘይን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ገመዳ ገርባ፣ 112 ድምፅ።

እማዬ ወሬው ቤት ሲደርሳት እልልታዋን አቀለጠችው። ልጄ ዳኛ ሆነ ብላ ለጎረቤት ንፍሮ አበላች። አልፈርድባትም፤ እርስዎን ከናፈቀች ስንት ዘመኗ ነው። ንፍሮውን የቀቀልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ውሃውንም የቀዳሁት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ወደ ወኪልዎ ልምጣ። ሰንበታን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ አብራችሁ አምሽታችኋል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥጋ ቤቱም ደህና ገበያ አለው። ግን ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው፤ ሥጋ የሚቆርጥ ሥጋውን ይቁረጥ። የመጀመሪያው ችሎት የሻሼ ጉዳይ ነበር። የጎረቤቷ ጣሪያ ውሃውን በማድ ቤቷ ግድግዳ ላይ እያፈሰሰ ሁለት ክረምት አፈረሰባት፤ የድሮዎቹ ዳኞች በቀጠሮ ሲያመላልሷት ከረሙ። ሰንበታ ከችሎቱ በፊት ቦኖ ድረስ መጥቶ «ምን ብዬ ልፍረድ እህቴ?» አለኝ። እስቲ ይታይዎ ጋሼ! ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው እሱ፣ የሚከበረው እርስዎ፣ የሚያስበው ደግሞ ባልዲ ተሸክሜ እኔ። ለሻሼ ስል ነገርኩት። ጎረቤትየው አሸንዳ ይሥራ፣ ግድግዳዋንም ያስመርግላት በል አልኩት። ሄዶ ምን ቢፈርድ ጥሩ ነው? ሁለታችሁም ታረቁ፣ የዕርቁን ሥጋ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እኔ እችላለሁ አለ። ሻሼ እዚያው ቆማ «ግድግዳዬን በሥጋ ልምረገው?» ብላው ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦኖ ስትመጣ ዓይኗን ከኔ ታሸሻለች። እሷን እንዳላሳፈርኳት አውቃለሁ፤ ግን ያን ያህል ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ ምን አተረፈ ስል ሌሊት ከቀን አንጀቴ ያርራል።

ዝም ብዬም አልተቀመጥኩ። ከዚያ ችሎት በፊት ከሻሼና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር አቤቱታ አስጽፈን አርባ ሦስት ሆነን ፈረምንበት፤ መፈረም የማይችሉት በጣታቸው አተሙ። ይዤ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን ካመላለሱኝ በኋላ አንዱ ሹም አቤቱታውን ሳያነበው በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገልኝ። ይህ ሁሉ አሻራ ዋጋ የለውም፤ የቤቱ ተመዝጋቢ «በስሜ ስብሰባ ስትገኝ የኖረችው እህቴ ዘርፉ ናት» ብሎ በእጁ ጽፎ ከፈረመ መዝገቡ ይታረማል፣ ምርጫውም ለሷ ይጸናል አለኝ። አርባ ሦስት ሴት የፈረመችውና ያተመችው ለከንቱ ነው፤ የእርስዎ አንድ ፊርማ ግን ይበቃል። በመንገድ ላይ እያለቀስኩ ተመለስኩ፣ የማለቅሰውም ከንዴት ነበር።

ሌላውን ነገር የነገረኝ መሐመድዘይን ነው። ለሚስቱ ውሃ ሊቀዳ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አደረገና፣ ካንቺ ዓይን ጋር መገናኘት አቃተኝ አለኝ። ሰውዬው ኅሊና አለው። በተከታታይ ለሦስት ስብሰባ ያለፈቃድ የቀረ ከስም መጥሪያው ይሰረዛል፣ ሹመትም ካለው ይወርዳል፣ በቦታው ቤቱ ውስጥ ያለው ነዋሪ ይመዘገባል፤ ይህም ደንብ ነው አለኝ። ሰንበታም ሊያድንዎ አይችልም፤ አንድ ሰው «አለ» የሚለው ለአንድ የቤት ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱም ለራሱ ቤት ይላል።

ትናንት እሑድ ታኅሣሥ 11 ቀን ስብሰባ ሄድኩ። ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። መሐመድዘይን «ገመዳ ገርባ!» አለ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠራ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር፤ ሊቀመንበሩ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ሦስተኛ ሲጠራ ምላሴ በልማድ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። «ቀሪ» ብሎ ጻፈ። የዚህ ወር ስኳርና ሳሙና ቀረብን። ታኅሣሥ 18 ቀንም እንደዚሁ ዝም እላለሁ፣ ታኅሣሥ 25 ቀንም እንደዚሁ።

ቤቱን ልትወስድብኝ ነው ብለው እንዳይሰጉ። ቤቱ የአባባ ነው፣ የእርስዎ ነው፣ የልጆችዎም ነው፤ የሚሰረዘው ከስም መጥሪያው እንጂ ከቤቱ ወረቀት አይደለም። ወንበሩም ቢሆን እንደ ጌጥ አላማረኝም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ስምዎ ሲሰረዝ ያ ሁሉ እሑድ አብሮ ይሰረዛል። የኔ መዝገብ ከጥር ወር፣ ከባዶ ይጀምራል። ወባዬም፣ ሩጫዬም፣ የቀረብኝ ቅዳሴም የገመዳ ሆኖ የኖረውን ያህል ኖሮ አሁን የማንም አይሆንም። ያ መቶ አሥራ ሁለት ሰውም ከሌለ ሰው ኋላ ተሰልፎ እንደነበር ሆኖ ይቀራል። ይህን ማዳን የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ አሁንም ያናደደኝ ይኸው የእርስዎ ማስፈለግ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሹሙ ያለኝን ቃል በንጹሕ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። በእጅዎ ይገልብጡትና ይፈርሙበት። ሹፌሩ አንድ ቀን አድሮ ይመለሳል። ቢስቁም ይሳቁ፤ ብቻ እየሳቁም ቢሆን ይፈርሙልኝ።

አሳየችን «ዘርፉ እንደ እናቷ ልጅ ስማሻለች» ይበሉልኝ፤ የላከችልኝ ሻሽ ደርሶኛል፣ በምርጫው ቀን ያሰርኩት እሱን ነው። ጫላን በሂሳብ እንዲበረታ ይምከሩልኝ። ኢፍቱን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ሻሼ ሰላም በይ አላለችኝም፣ እኔም ውሸት አልጽፍም። ሰንበታ ግን እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎዎታል፤ ችሎቱ እንዳስጨነቀው ንገሪልኝ ብሎኛል።

እማዬን መጨረሻ ያደረግኳት ሰላምታዋ ዛሬ ስለተቀየረ ነው። ከትናንት ጀምሮ በስኳሩ ተቀይማኝ አላናገረችኝም ነበር። ዛሬ ጠዋት መሐመድዘይን መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ፤ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ሲቀር ምክንያቱ ከቤተሰብ ይጠየቃል ይላል ደንቡ። እኔ ባልዲዬን ማጠቤን ቀጠልኩ። እማዬ በሩ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበርና ገመዳ ለምን ቀረ ብሎ እሷን ጠየቃት። እማዬ ቀና ብላ ሳታየው፣ «ገመዳ አሰብ ነው። ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ጻፈው» አለችው። እሱም እንደቆመ ጻፈው።

እህትዎ
ዘርፉ ገርባ

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.